መጋረጃ የለበሰው ፎቶ

ጥቅምት 4

ከጠዋት እስከ ማታ ጉርድ ፎቶ። የተማሪ፣ የመታወቂያ፣ የመንጃ ፈቃድ። "ጆሮ ይታይ፣ ጆሮ ይታይ" ስል ዋልኩ። የሰው ጆሮ ለመሰብሰብ ነው እንዴ ይቺን ካሜራ የገዛኋት?

ከሰዓት በኋላ ከደምበጫ ባልና ሚስት መጡ። ዐረብ አገር ያለች ልጃቸው "ፎቷችሁን ላኩልኝ" ብላቸው ነው። ሰውየው ዱላውን እንደያዘ ቀጥ። ሚስቱ ከጎኑ ቀጥ። በመካከላቸው በሬ ያሳልፋል።

"ትንሽ ጠጋ በሉ" አልኩ።

"ለምን?" አለ ሰውየው።

"ፍቅር እንዲታይ ነዋ።"

"ዘጠኝ ወልደናል እኮ። አሁን ለፎቶ ብለን ልንጠጋ?"

ሚስቱ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። ያኔ ነበር ማንሳት... ካሜራውን ከፍ እስካደርግ ሳቁ አለቀ። ተመልሳ ቀጥ።

ጥቅምት 7

ከባሕር ዳር ተደወለ። አማረ ነው፤ ኮርስ አብረን የወሰድነው። ኅዳር መጨረሻ ላይ የፎቶ ዐውደ ርዕይ ያዘጋጃሉ። ርዕሱ "ገላና ብርሃን"። ከየከተማው አንድ ፎቶ። ከማርቆስ እኔ!

ገላ ሲባል ራቁት ማለት አይደለም፤ አማረም ደጋግሞ ነግሮኛል። ትከሻ፣ አንገት፣ ጀርባ። ሰው ሲያየው ሙቀቱ የሚሰማው ዓይነት። ስመኘው የኖርኩት ነገር ነው። እስካሁን ያነሳሁት ትከሻ ሁሉ ግን ኮት ለብሷል።

ራት ላይ ለሚስቴ ለፍቅርአዲስ ነገርኳት።

"ደስ ይላል" አለች። ፊቷ ግን ደስ ያለው ሰው ፊት አይደለም። "ማንን ልታነሳ ነው?"

"ሞዴል እፈልጋለሁ።"

ሳህኑን አንስታ ሄደች። ገና አልጠገብኩም ነበር... ምን አጠፋሁ?

ጥቅምት 14

ሃኒ መጣች። የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ናት፤ ቁንጅናዋን ከተማው ሁሉ ይመሰክራል። ወንድሟ ድረስም አብሮ መጣ። ማንም አልጠራውም። ወንበር ስቦ በእኔና በእሷ መካከል ተቀመጠ።

"ወንድሜ፣ ሌንሱን ጋርደኸዋል" ብለው፣ "እዚህ ይመቸኛል" አለኝ።

ሃኒ ተቀብታ ተቀብታ ፊቷና አንገቷ የሁለት ሰው ሆነዋል። ካሜራ ሳነሳ ከንፈሯን ታሞጠሙጣለች። ትኩስ ሽሮ ያቃጠላት ነው የምትመስለው። "ዝም ብለሽ ወደ መስኮቱ እይ" አልኳት። ዝም ብላ አሞጠሞጠች።

ነጠላዋን ከትከሻዋ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አደረገች። ድረስ አሳለ። ነጠላው ወደ ትከሻዋ ተመለሰ። ደግሞ ዝቅ... ደግሞ ሳል። እንዲህ ስንል ፀሐይዋ ከመስኮቱ ሄደች። ከሁሉም የተሳካልኝ አንድ ፎቶ የድረስ ነው፤ ሲያስል።

ሲወጣ "ሥነ ጥበብ ማለት ይሄ ነው?" አለኝ። 

ጥቅምት 15

ሞዴል የለም። ለአማረ ደውዬ ይቅርብኝ ልበለው?... ነገ።

ጥቅምት 19

ፍቅርአዲስ ከሥራ መጥታ፣ ጫማዋን እየፈታች፣ ድንገት፦

"እኔን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?"

"ምኑን?"

"ምኑን ይለኛል ደግሞ!"

ከተጋባን አሥራ አንድ ዓመት። በእጄ ያለው የእሷ ፎቶ የሠርጋችንና የመሥሪያ ቤት መታወቂያዋ ብቻ ነው። መታወቂያው ላይ ጆሮዋ በደንብ ይታያል። በጣም አፈርኩ።

ለምን አልጠየቅኋትም? አንገቷን ስለምትሸፍን መሰለኝ። ደብረ ወርቅ በልጅነቷ አክስቷ ያስነቀሷት ንቅሳት አላት፤ ከአገጯ ሥር ጀምሮ በመደዳ በመደዳ እስከ አንገቷ ግርጌ የወረደ። ኮሌጅ ስትገባ አንዷ የዶርም ጓደኛዋ አይታ "ሳሙና ሞክረሽበታል?" አለቻት። ከዚያን ቀን ወዲህ ሻርፕ። በጋም ሻርፕ፣ ክረምትም ሻርፕ። በቢሮዋ አንገቷን ያየ ሰው የለም። እኔም የማየው ማታ ነው፤ መብራት ካልጠፋ።

"እንግዲህ ይኸው ጠየቅኩሽ" አልኳት።

"አሁንማ ለምኜህ!" አለች። ግን እምቢ አላለችም።

ጥቅምት 23

ፎቶ ተነሳች።

ፎቶ ቤቱን ዘጋሁ። ከውስጥ ቆለፍኩ። ፀጉሯን ፈትታ፣ ታጥባ፣ ቅቤ ተቀብታ ነው የመጣችው። ክፍሉ በሙሉ እሷን እሷን ሸተተ። ሻርፑን ፈታች። ነጠላውን ከትከሻዋ ለቀቀችውና ደረቷ ላይ በእጇ ያዘችው። የሚያስል ሰው የለም።

የሌንሱን ክዳን ሳላነሳ አነጣጠርኩ! የስንቱን ሙሽራ ሠርግ ያነሳሁ ሰውዬ! "ትከሻሽን ትንሽ..." ብዬ ስጀምር፣ "እንዳላማው፣ ዝም ብለህ አንሳ" አለችኝ።  ወደ መስኮቱ ዞራ አገጯን ቀና አደረገች። ብርሃኑ በንቅሳቱ መስመር ላይ ቁልቁል ወረደ። ከፀጉሯ የቀለጠው ቅቤ ትከሻዋ ላይ ያበራል። አልሳቀችም፣ አላሞጠሞጠችም። ዓይኗ ግን እኔ ላይ ነው፤ እኔ እሷን ሳይሆን እሷ እኔን ስታየኝ ነበር።

አፈቀርኳት። ሚስቴን። በቀን ብርሃን።

ስትለብስ፦ "እኔ 'ይታይ' እስክል ማንም አያይም። ማል።"

ማልኩ።

ኅዳር 1

በትልቁ በሸራ ላይ ራሴ አተምኩት። ለባሕር ዳር ትፈቅድልኝ ይሆናል... ቤት እንዳልወስደው ዘመድ ይገባል፣ ዘመድ ይወጣል። ፎቶ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ በነጭ መጋረጃ ሸፈንኩት። ጥለት ያለው ንጹሕ ጨርቅ፣ ከላይ በገመድ። ሰው ሲገባ ይዘጋል፤ ብቻዬን ስሆን እከፍታለሁ። ብልህ ነኝ።

ኅዳር 3

ብልህ አይደለሁም።

እማሆይ ወለተ ሐዋርያት የሚባሉ መነኩሲት ለመታወቂያ ፎቶ ከአማኑኤል መጡ። በሩ ላይ ቆሙ። መጋረጃውን አዩ። ጫማቸውን አወለቁ። አማተቡ፣ ሰገዱ፣ ሄደው የመጋረጃውን ጫፍ ሳሙ።

ካሜራ እንደያዝኩ ደረቅሁ። በየሰዉ ቤት ግድግዳ ላይ በነጭ መጋረጃ የሚሸፈነው ምንድን ነው? የእመቤታችን ሥዕል ነዋ! የገብርኤል ነዋ! ይቺን እንዴት አላሰብኳትም?

"እማሆይ፣ እሱ እኮ..." አልኩ።

"እግዜር ይስጥህ ልጄ። ሥዕል ያለበት ቤት መሆኑን ባውቅ ቀድሜ እመጣ ነበር።"

ፊታቸው በርቷል። የተሳለሙት የሚስቴን ትከሻ ነው ብዬ ልንገራቸው? ወንበር ሳብኩላቸው። ተቀመጡ። እንደዚያ ያማረ ጉርድ ፎቶ አንስቼ አላውቅም።

ኅዳር 6

እማሆይ ለማን እንደነገሩ እንጃ። ገበያ የመጣው ሁሉ እየገባ ይሳለማል። ፎቶ የማይነሳውም ይገባል። አንዲት እናት የልጇን ግንባር አስነካች። ጠረጴዛዬ ላይ ጧፍ ተከምሯል።

ድረስም መጣ! ኮፍያውን አውልቆ እስከ መሬት ሰገደ። "እኔ እኮ ስለ አንተ ክፉ አስቤ ነበር" አለኝ።

የሚገርመው... ተሳልመው ሲቀመጡ ትከሻቸው ይወርዳል፣ ፊታቸው ይፈታል። ስንት ዓመት ስለምናቸው እምቢ ያሉኝን ሁሉ አሁን በራሳቸው ይሰጡኛል። በማታለል አገኘሁት። ሲዖል በአቋራጭ እየሄድኩ ነው።

ላውርደው? "ሥዕሉን ሸጠው" ይሉኛል። ልግለጠው? ምያለሁ።

ኅዳር 7

ለፍቅርአዲስ ነገርኳት። አልጋው ላይ እየተንከባለለች ሳቀች። "ድረስ ሰገደ" ስላት ትንፋሽ አጠራት። ቆየችና ተነስታ ቁጭ አለች።

"እማሆይም?"

"እማሆይም።"

"ለእኔ?... እንዳላማው፣ ይሄ ጨዋታ አይደለም። ንገራቸው።"

"ከነገርኳቸው ግለጠው ይላሉ። ከገለጥኩት አንገትሽን ያያሉ።"

 ሻርፗን አንስታ ጠመጠመች። ቤት ውስጥ፣ ከእኔ ፊት። 

ኅዳር 9

ጉድ መጣ። የነፍስ አባታችን ቄስ አካለ ወልድ ደወሉ።

"ሥዕል አስገብተህ ሳትነግረኝ? ነገ ጠበል ይዤ እመጣለሁ።"

"አባ፣ ነገ እንኳ አይመችም..."

"ለበረከት የማይመች ቀን አለ?" ዘጉት።

አንደኛው ዕቅዴ ገበያ ወርጄ እውነተኛ የገብርኤል ሥዕል ገዝቼ መተካት። ሁለተኛው መታመም። ፍቅርአዲስ ሁለቱንም አዳመጠችና "ተኛ" አለችኝ።

ኅዳር 10

ቄስ አካለ ወልድ መስቀልና ጠበል ይዘው መጡ። ከኋላቸው እማሆይ። ከእሳቸው ኋላ ግማሽ ሠፈር። ድረስ ሰው እየገፋ ፊት ወጣ።

 "አባ፣ አንድ ነገር..." ስል በሩ ላይ ግርግር። ፍቅርአዲስ! ከቢሮ ፈቃድ ጠይቃ መጥታለች። ሰዉን ሰንጥቃ አልፋ መጋረጃው ሥር ቆመች።

"አባ፣ ጠበሉን ሳይረጩ ይዩት። ቅዱስ ሥዕል አይደለም። እኔ ነኝ።"

ገመዱን ሳበችው።

 ድረስ እንኳ አላሳለም። ከዚያ ማንንም እንዳያጠራጥር ነው መሰለኝ፣ ሻርፗን ፈትታ ከፎቶው ጎን ቆመች። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። አገጯ ቀና እንዳለ ነው።

ቄሱ ፎቶውን አዩ። እሷን አዩ። ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። አለቀልኝ።

"አንተ ሰውዬ፣ ሚስትህ ናት?"

"ናት አባ።"

"ታዲያ ሚስት እንደ ታቦት ትጋረዳለች? ሕዝቡን ሁሉ አሳሳትክብኝ እኮ!"

እማሆይ ወደ ፎቶው ተጠጉ። ምን ይሉ ይሆን ብዬ ላብ አጠመቀኝ። ከአገጫቸው ሥር ልብሳቸውን ገለጥ አደረጉ። ንቅሳት! ደብዝዟል እንጂ እንደ ፍቅርአዲስ ያለ።

"የኔ እናት፣ ይሄን የመሰለ አንገት ይዘሽ ነው ስትደበቂ የኖርሽው? እኔስ መንኩሼ ነው..." አሉ።

ፍቅርአዲስ ሳቀችም፣ አለቀሰችም። እኔም... ተውት።

የተፈረደብኝ፦ ጧፉን በሙሉ ለቤተ ክርስቲያን ማስገባት፣ የሰገደውን ሁሉ ዞሬ ይቅርታ መጠየቅ። እሷ ላይ አልፈረዱም።

ኅዳር 13

ይቅርታ ልጠይቅ ደምበጫ ድረስ ሄድኩ። አንዱ ገበሬ ከሰማኝ በኋላ አገጩን አከከ።

"እኔ እንኳ ጠፍታ የነበረች ላሜ ትገኝ ብዬ ነበር። ተገኘች።"

"እ... እንዲያ ነው?"

"እንግዲህ ምን ላድርግ? ለባለቤትህ ምስጋናዬን አድርስልኝ።"

ላድርስ?

ኅዳር 17

ቁርስ ላይ፣ ዳቦ እየቆረሰች፣ "ይታይ" አለች። እንዲሁ። ከዚያ ወደ ቢሮ ሄደች። ሻርፑ ወንበር ላይ ቀረ። ረስታው ይሆን ብዬ እስከ በር ተከተልኳት። "አልረሳሁትም" አለች ሳትዞር።

ኅዳር 29

ከባሕር ዳር እየተመለስን ነው።

ትናንት ተከፈተ። ፎቶው ከመግቢያው ፊት ለፊት ተሰቀለ። አማረ ከሥሩ የሚጻፍ ርዕስ ሲጠይቀኝ "የብርሃን እንባ" ልል ነበር። ፍቅርአዲስ ሰማችና "የምን እንባ ነው? ስሜ ይጻፍ" አለች። ተጻፈ፦ ፍቅርአዲስ አንለይ፣ የግብርና ባለሙያ።

አንዲት ልጅ ፎቶው ፊት ብዙ ቆመች። ተማሪ ሳትሆን አትቀርም። ዞር ስትል ያንኑ አንገት ከጎኗ አየችው። ደነገጠች።

"እርስዎ ነዎት?... ነክቼ ልየው?"

ፍቅርአዲስ አገጯን ቀና አደረገችላት። ልጅቷ በአንድ ጣቷ መስመሩን ቁልቁል ተከተለችው። ቀስ ብላ፣ እስከ አንገቷ ግርጌ። 

እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ሳያት አመሸሁ። ካሜራው ደረቴ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። አንድ ፎቶ እንኳ አላነሳሁም! ፎቶ አንሺ ነኝ ባይ... ትዝ ያለኝ አሁን አውቶቡስ ውስጥ ነው። ትከሻዬ ላይ ተኝታለች። እጄን ሳላንቀሳቅስ እንዴት ነው የምጽፈው?