ሃያ ሠራተኛ፣ ሃያ ሰሌን

ለክቡር አቶ ሊሲአቴ ቶኡታይ
የሰሜን ደሴቶች የጀልባ ትኬት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ የኦክላንዱ ስብሰባ እንደተስማማዎት፣ ብርዱም ደረትዎን እንዳልነካዎት ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ በቫቫኡ ደሴት ደህና ነን፤ ከእህቴ ከፒሲላ ዓይን በቀር።

ሲሄዱ የመቀመጫ መያዣው ድረ ገጽ የሚሠራበትን ሰርቨር ለእኔ ለትኬት ቆራጭዋ አደራ ብለዋል። ስለዚህ ታላቅ እምነት ምስጋናዬን በየተራ ላቅርብ።

፩. «ገጹ ሲንቀራፈፍ የሠራተኞቹን ቁጥር ጨምሪ» የሚል ወረቀት ስክሪኑ ላይ ስለለጠፉልኝ አመሰግናለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነውና አጭር ጽሑፍ እወዳለሁ።

፪. በፓይተን የኮምፒውተር ቋንቋ የተጻፈው ፕሮግራምዎ «ሠራተኛ» የሚለው ምን ዓይነቱን እንደሆነ ስላልነገሩኝም አመሰግናለሁ። በእኛ መንደር ሰሌን ሲሠራ፣ ሥራው ከከበደ ጎረቤት ይጠራል፤ አሥር ሴት በአንድ ሰሌን ዙሪያ ተቀምጣ ትጎነጉናለች። ፒሲላን ሊያክሙ የሚችሉት፣ በዓመት አንዴ የሚመጡት የዓይን ሐኪሞች ዋናው ደሴት የሚቆዩት አንድ ሳምንት ብቻ ነበር። እነሱ ሳይሄዱ የምትደርሰው የመጨረሻዋ ጀልባ መቀመጫ ለሽያጭ በተከፈተ ጠዋት ሰው ሁሉ ገጹ ላይ ሲረባረብ፣ ለፒሲላ ቦታ ልይዝ ብዬ ሁለቱን ሠራተኞች ሃያ አደረግኋቸው። ለካ የእርስዎ ሠራተኞች እያንዳንዳቸው ፕሮግራሙን በሙሉ ተሸክመው ገብተው የየራሳቸውን ሰሌን የሚዘረጉ ናቸው። ሜሞሪው ሞላ፣ ሰርቨሩ ወደቀ፤ እስኪነሳ ድረስም በሌላው ወደብ ያለው ቢሮ መቀመጫዎቹን በእጅ ሸጦ ጨረሰ።

፫. በአንድ ሰሌን ዙሪያ አብረው የሚቀመጡት «ክሮች» የሚባሉት እንደሆኑ፣ ቁጥራቸውም ከሠራተኞቹ ሥር እንደሚጻፍ፣ ከወረቀቱ ጀርባ በሚያምር የእጅ ጽሕፈት ስላሰፈሩልኝ አመሰግናለሁ። «ሜሞሪውን ሳታዪ ሠራተኛ አትጨምሪ» የሚለውም እዚያው አለ። ወረቀት ጀርባ እንዳለው የሚያውቅ ሰው ቢቀጥሩ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ።

ፊደል ያስቆጠረችኝ ፒሲላ ናት። መጽሐፉን ቶሎ ስዘጋባት «ገልብጪው እንጂ፣ ገና አላለቀም!» ትለኝ ነበር። ሐኪሞቹ የሚመለሱት በሚመጣው ዓመት ነው፤ ነርሷ እንደነገረችን ዓይኗ እስከዚያ አይጠብቅም።

ለሰጡኝ አደራ አንገቴን ደፍቼ፣ እጅ ነሥቼ፣ ግማሽ ብቻ የማነብ ታማኝ አገልጋይዎ፣

ካሎላይኔ ሞአላ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሠራተኞቹ ሁለት፣ ክሮቹ ስምንት ሆነዋል፤ ማንም የማይሳፈርበት ሳምንት ስለሆነ ገጹ እንደ ንፋስ ይበራል። ደብዳቤውን ለፒሲላ አነበብኩላት። በጣቷ ስትቆጥር ቆይታ፣ «አንቺ ካሎላይኔ፣ ሦስቱም ምስጋና ለእሱ? ለራስሽ አንድ እንኳ አልተረፈሽም?» አለችኝ። ስለዚህ ከወረቀቱ ጀርባ ጥቂት ምስጋና ጽፌያለሁ። እርስዎ ግን አይገልብጡት፤ ለእኔም ሳይሆን ለእሷ ነው።