ዳገቱን በኋላ ማርሽ

ዝናሽዬ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ይህን እወቂ፤ መኪናሽ አልተሸጠችም። ሌላው ወሬ ይደርሳል። ይህን መጀመሪያ ካልነገርኩሽ በየመስመሩ «እሷስ?» እያልሽ እንደምታቋርጪኝ ስለማውቅ ነው ያስቀደምኩት።

ከተለየሽን ዓመት ሞላ። እኔ ደኅና ነኝ። ጡረታው እንደፈራሁት አልከበደኝም፤ የትምህርት ቤቱ ደወል ሲደወል ግን ዛሬም ሳላስበው ከመቀመጫዬ እነሳለሁ። የጓዳውን ጣሪያ አሳድሼዋለሁ። ህሊናችን ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ደርሳለች፤ አሁን ለሙት ዓመትሽ መጥታ ከእኔ ጋር ናት። ሰቆጣ ባጃጅ ገብቷል። የመጀመሪያዋ ባጃጅ በገበያው በኩል ብቅ ስትል ጎረቤታችን አያ ሲሳይ ምን እንዳሉ ልነግርሽ እፈልጋለሁ፤ ግን በቅደም ተከተል ይሁን፣ ያለዚያ አይጥምም።

መንግሥት በተለወጠ ማግስት ከደሴ ወደ ሰቆጣ የተዛወርኩ ጊዜ እኔ ቀድሜ መጣሁ። አንቺ ለሆስፒታሉ አዋላጅ ነርስ ሆነሽ ህሊናን ይዘሽ ልትከተይኝ ነበር። እኔም ሳይጠይቁኝ «ባለቤቴ በራሷ መኪና ነው የምትመጣው» ብዬ ለጎረቤቱ ተናገርኩ። ሰው ሁሉ ላንድክሩዘር ጠበቀ። የበቅሎ ነጋዴው አያ ሲሳይ ጋቢያቸውን አስተካክለው ከፊት ቆሙ። ከኮረም በኩል አቧራ ተነሣ፤ አቧራው ሲገለጥ ቁመቷ ከወገባቸው ብዙም የማያልፍ ሚኒ የምትባል ቀይ መኪናሽ ፊታቸው ቆመች። አያ ሲሳይ መንገዱን አሻግረው ተመለከቱና «እናቷ ኋላ ቀርታለች እንዴ?» አሉ። ሕዝቡ ሳቀ። አንቺ ከሁሉም በላይ ሳቅሽ። ከዚያ የሞተሩን ኮፈን ከፍተሽ «ይምጡ አያ፣ ጥርሷን ይዩላት» አልሻቸው። የበቅሎ ነጋዴን በምን እንደሚያነጋግሩት ገና እንደወረድሽ ያወቅሽው እንዴት ነበር?

መኪናዋን የሰጡሽ አባትሽ ናቸው። በደሴ ጋራዣቸው የፈረንጅ ትንንሽ መኪና የማያውቁት አልነበረም። ሞተሯን እንደ ሕፃን ከጀርባዋ ያዘለችውን ጣሊያን ሠራሽ፣ ኩርባ ላይ እስክትወድቅ የምታጋድለውንና የማትወድቀውን ፈረንሳይ ሠራሽ፣ ሁሉንም አንቺ ስትተርኪልኝ እኔም አብሬያቸው ያደግሁ እስኪመስለኝ ድረስ አወቅኋቸው። እንግሊዝ ሠራሿ ሚኒ ግን ያንቺ ነበረች። ለእሽቅድድም የተዘጋጀች፣ ቤንዚንን ከአየር የሚደባልቀው ካርቡራተሯ ሁለት የሆነ፣ ሞተሯ በአግድም የተኛ፣ ጎማዋ ከሰውነቷ አራት ማዕዘን ላይ የቆመ። በሯ ከውስጥ የሚከፈተው በገመድ ሲሆን ገመዱ የተበጠሰ ጊዜ አያ ሲሳይ ከበቅሎ ልጓም የተረፈ ጠፍር አምጥተው ቋጠሩልሽ። እስከ ዛሬ እሱ ነው።

አንድ ነገሯ ግን ለትዳራችን አልተስማማም። የፍጥነት መቁጠሪያዋ እንደ ሌሎቹ መኪኖች በሾፌሩ ፊት ሳይሆን መሃል ላይ ነበር፤ እንደ ግድግዳ ሰዓት ክብ ሆኖ ለሁለታችን እኩል ይታይ ነበር። እኔ ደግሞ ቁጥር ፊቴ ተቀምጦ ዝም ማለት አልችልም። ከአንድ የጭነት መኪና ኋላ ረጅም ሰዓት አቧራ ስንጠጣ ቆይተን፣ ዳገቱ ላይ በድንገት ማርሽ ቀንሰሽ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ አጠገቡ ስታልፊ ቁጥሩን ጮክ ብዬ አነበብኩልሽ። «መምህር፣ አሁን ደግሞ ማርክ ልትሰጠኝ ነው?» አልሽና ሻሽሽን ፈትተሽ መቁጠሪያውን ሸፈንሽው። ኩርባው ውስጥ ስንገባ መሪው በእጅሽ አልተንቀጠቀጠም፤ መኪናዋም ከመስመሯ ንቅንቅ አላለችም። የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ መኪና ኩርባ ላይ ለምን መንገዱን እንደማይለቅ በጥቁር ሰሌዳ ላይ አስረዳለሁ። እንደዚያ ያለ የጠራ ማስረጃ ግን ከዚያ በፊት አላየሁም ነበር።

ካርቡራተሮቹን የምታስተካክይበትን መንገድማ ለማን ነግሬው ያምነኛል? ከሆስፒታሉ የተጣለ የልብ ማዳመጫ ጆሮሽ ላይ ሰክተሽ፣ ቱቦውን አንዴ በግራው አንዴ በቀኙ አፍ ላይ እያስጠጋሽ፣ እኩል መተንፈሳቸውን ታዳምጪ ነበር። «ግራው አስም አለበት» ትዪና ካቻቢቴውን ትንሽ ታዞሪያለሽ።

ከሁሉ የማደንቅሽ ግን በዳገቱ ነው። ከወንዙ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያወጣው ዳገት እንደምታውቂው ልቅ ጠጠር ነው። ከደሃና ወረዳ ገብስ ጭነን የተመለስን ዕለት የፊት ጎማዎቹ ጠጠሩን እየበተኑ ባሉበት ተሽከረከሩ። መኪናዋን የሚጎትቷት የፊት ጎማዎቿ ናቸው፤ ዳገት ላይ ደግሞ ክብደት ወደ ታችኛው ጎማ ይዞራል። ወርደሽ ጠጠሩን በእግርሽ ነካ ነካ አደረግሽና ተመልሰሽ ገባሽ። መኪናዋን ሜዳው ላይ አዙረሽ፣ ኋላ ማርሽ አስገብተሽ፣ ዳገቱን በጀርባዋ አወጣሻት። የሚጎትተው ጎማ የሚገፋ ሆነ፤ ክብደቱም እሱ ላይ አረፈ። ከሜዳው ሲያዩን የነበሩት አያ ሲሳይ «እኔ በቅሎዬ እንዲህ ብትወጣ በማግስቱ ገበያ አወጣት ነበር!» ብለው ጮኹ።

ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ እንደዚያው ወጣን። አንቺ አንገትሽን አዙረሽ ኋላ ታያለሽ፤ እኔ ፊት ለፊት አያለሁ። «ከፊት ምን አለ?» ትይኛለሽ። «አህያ ከነጭነቷ» እልሻለሁ፣ ወይም «ምንም የለም፣ ውጪ»። እየወጣን በሄድን ቁጥር ከተማው ከእግሬ ሥር እየሰፋ ይሄዳል። ሰው ዳገት ሲወጣ የተወውን እንጂ የሚሄድበትን የማያይበት ሌላ ቦታ አላውቅም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። አንቺ ካረፍሽ ጀምሮ መኪናዋ ሸራ ለብሳ ግቢ ውስጥ ቆማ ነበር። አሮጌ መኪኖች የሚሰበስብ አንድ ጨዋ ሰው ወሬዋን ሰምቶ ከአዲስ አበባ መጣ። «አዳራሽ ውስጥ አቆማታለሁ፤ ዝናብ አይነካትም» አለኝ። ህሊናም «አባዬ፣ እዚህ ከምትዝግ እዚያ ትከበር» አለች። እውነቷን ነው። እኔ መንጃ ፈቃድ ቢኖረኝም ከሜዳ መንገድ አልፌ አላውቅም፤ የቆመች መኪና ደግሞ እኔም ጋ አዳራሽም ውስጥ ያው ናት። ስለዚህ ለራሴ ፈተና አወጣሁ። የሙት ዓመትሽን ዳቦ ጭኜ በእሷ ዳገቱን እስካረፍሽበት ቤተ ክርስቲያን ከወጣሁ ትቀራለች፤ ካልወጣሁ ሰውየው ይውሰዳት።

እሑድ ጠዋት ማዳመጫሽን ሰካሁ። ግራው ዛሬም አስሙ አልለቀቀውም። እኩል እስኪተነፍሱ ታገስኩ። ህሊና የእኔ ቦታ ተቀመጠች፤ ዳቦው ከኋላ። ወንዙ ዳር አዞርኳት። አያ ሲሳይ በዱላቸው ተደግፈው «መምህር፣ አንገትዎን ይጠብቁ!» አሉኝ። ከግማሽ በላይ ወጥተን ጎማዎቹ ተንሸራተቱ። ቤንዚን መጨመር አማረኝ፤ አንቺ ግን እንደዚያ ባለ ጊዜ እግርሽን ታላሊ እንጂ አትጨምሪም ነበር። አላላሁ። ጎማዎቹ መሬት ያዙ። ሳላስበው «ከፊት ምን አለ?» አልኩ። ዞሬ ልጅሽን ላያት አልቻልኩም፤ የሳጓ ድምፅ ግን ይሰማኝ ነበር። አናት ላይ ደርሰን ሞተሩን ሳጠፋ እንባዋን ጠረገችና «አባዬ፣ ለሰውየው ደውልና አትምጣ በለው» አለችኝ።

አዎ፣ የባጃጇ ነገር። አያ ሲሳይ ባጃጇን እያዩ «እናቷን ስንጠብቅ ልጇ መጣች!» አሉ። እሳቸውም ከአንቺና ከሚኒሽ ወዲህ ትንሽ መኪና አይንቁም።

ዝናሽዬ፣ ሸራውን አንሥቼዋለሁ፤ ዳግመኛ አላለብሳትም። በየዓመቱ እመጣለሁ፣ በጀርባዬ። መቁጠሪያውን በሻሽሽ ሸፍኜዋለሁ፤ ቁጥር አላነብም። ህሊና ነገ ወደ ባሕር ዳር ትመለሳለች፤ ከጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ይሆናል። አሁን መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ዓይኔም ኋላ ነው። አንቺ ካለሽበት ከፍታ ሁሉም ይታያልና ንገሪኝ። ከፊት ምን አለ? እባክሽ ሳትቆዪ መልሺልኝ።

ያንቺው መምህር