የአሮጊቷ ግፊት

ሰኞ፣ መጋቢት 3

ዛሬ አቤቱታ አለኝ። ሌላ ሰሚ ስለሌለ ለዚህ ደብተር።

ካቻቢቴዬ ጠፋ። ባለ ቀይ እጀታው፣ ምርጡ። የመሣሪያ ሣጥኔን ገለበጥኩ፣ አልጋ ስር ገባሁ፣ ድመቷን ሳይቀር ጠረጠርኩ። በመጨረሻ የት ተገኘ? የእትዬ የአበባ መትከያ ቆርቆሮ ውስጥ። አፈር ትኮተኩትበታለች። ለዚህ ነው እንዴ ይህ ሁሉ ሩጫ፣ እኔ እኮ አሮጌ ማንኪያ መስሎኝ ነው አለች። ማንኪያ… ጢሜ ሸብቶ እንኳ ታላቅ እህቴ ፊት ባለሙያ መሆን አልቻልኩም። አሁንም "አንተ ልጅ" ነኝ። ይህ ቤት ሙያ አያከብርም። ይግባኝ የሚባልበትም የለም።

ሌላ አዲስ ነገር የለም።

አለ እንጂ። እንደ ሁልጊዜው ላሙቃት ብዬ አሮጊቷን አስነሣኋት። መኪናዋን አሮጊቷ ያላት ጋሼ ነው፣ የእትዬ ባል፣ ነፍሱን ይማረውና። ገና ሲገዛት ጀምሮ ነው ያላት፤ "ስትገቢ ተነሥቼ ልቀበልሽ ይገባኝ ነበር" ይላት ነበር። ዛሬ ሞተሩ ሲሞቅ የዘይት ግፊቱ መርፌ ወረደ። ቀስ እያለ… እንቅልፍ እንደጣለው ሰው። ዜሮ አጠገብ ደርሶ ተኛ። ቶሎ አጠፋኋት።

ለእትዬ አልነገርኳትም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 4

በማለዳ ኮፈኑን ከፈትኩ። የዘይት ዘንጉን መዝዤ ጠረግኩ፣ መልሼ ነክሬ አወጣሁ። ዘይቱ ልኩ ላይ ነው። በጣቶቼ መሃል አሸሁት… አልቀጠነም። አሸተትኩት፤ ቤንዚን ቤንዚን አይልም። ከስሯ ካርቶን አንጥፌ ነበር ያደርኩት፤ ጠብታ የለበትም። ታዲያ ምን ሆንሽ፣ እናቴ?

የሰፈራችን መካኒክ ከሥራ ሲመለስ ጎራ አለ። አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጣት። ነገሩ ከሁለት አንዱ ነው አለ፦ ወይ መርፌው ይዋሻል፣ ወይ ሞተሩ ውስጡ አልቋል። ካለቀ መጠገኑ አያዋጣም። መለየት የሚቻለው በመለካት ብቻ ነው። ግፊቱን ለመርፌው የሚያቀብለውን ሴንሰር ፈትቶ በቦታው ሌላ የግፊት መለኪያ ማሰር፣ ከዚያ ሞተሩ እስኪሞቅ ጠብቆ ማየት። የእሱ መለኪያ ተሰብሯል። የከባድ መኪና ሹፌሩ ጎረቤታችን ግን አለው። ሄጄ መዋስ ነው።

አልሄድኩም። ለምን? ቤቱ ቅርብ ነው። መለኪያውም አይከብድም።

ያልተለካ ነገር ተስፋ አለው… ለዚያ ነው።

ሐሙስ፣ መጋቢት 6

እትዬ ደረሰችብኝ። "አንተ ልጅ፣ ጥርስህን ካሳየኸኝ ቆየህ። ምን ደብቀህ ነው?" ነገርኳት። ታለቅሳለች ብዬ መሐረቤን ሁሉ አዘጋጅቻለሁ። እሷ የሽንኩርቱን ልጣጭ ከጠረጴዛው ላይ አፈሰች፣ እጇን ታጠበች፣ አደረቀች። ከዚያ ለሰፈሩ አሮጌ ብረት ሰብሳቢ ንገረው አለች። መጥቶ ይያትና ቅዳሜ ሳምንት ይውሰዳት።

 ይህቺ ሴት እኮ ናት በዚህች መኪና የተነሣ ልጇን ያጣችው። ፊውዝ… ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ትንሽ ሲግል ቦግ ብሎ ይቃጠላል። ጋሼ ከሞተ በኋላ መኪናዋ ትሸጥና ጣሪያው ይጠገን አለ። ክፉ ሐሳብም አልነበረም። እሷ ግን "አባትህን በኪሎ ልትሸጥ?" አለችው። ተቃጠለ። "እንግዲያው ከመኪናሽ ጋር ኑሪ" ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታው በሰው በኩል ነው። ጣሪያውም እስከ ዛሬ ያፈሳል።

ታዲያ ዛሬ ምን ነካሽ? አልኳት። መልሷን እንዳለ ልጻፈው።

"ብረቷ ከሄደች ልጁ ይመጣ ይሆናል።"

ቀልድ ፈለግኩ። አጣሁ። እኔ ቀልድ ሳጣ ነገሩ ከባድ ነው።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 8

ብረት ሰብሳቢው መጥቶ አያት። ጎማዋን በእግሩ መታ መታ አደረገ። የሰው ግቢ ገብቶ የሰው አሮጊት በእግር መምታት ምን ይባላል? ልቡን ላሸፍተው ሞከርኩ። ዝናብ ሲመጣ ታስነጥሳለች አልኩት። የማትወደውን ሰው በሩን ቆልፋ ታስቀራለች አልኩት። ሰውየው ከልቡ ሳቀና እንግዲያው ከነጠባይዋ እወስዳታለሁ አለ። እንዲያውም ደግ ሰው ነው። ለዚያ ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

እሁድ፣ መጋቢት 9

እትዬ መኪናዋን ስታጥብ አረፈደች። ለምትሄድ መኪና… ከዚያ ገብታ ተቀመጠች። በጎን በኩል፣ የዘወትር ቦታዋ። የሾፌሩ ወንበር ባዶ ነው። በሩ እንዳይዘው ቀሚሷን ሰብስባ ነው የተቀመጠችው፣ አሁን የሚነዳት ሰው ያለ ይመስል። ከመስኮት ሳያት ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

ከማን ጋር እንደምታወራ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ሰኞ፣ መጋቢት 10

ካቻቢቴው ዛሬም አበባ ቆርቆሮ ውስጥ ነው። አላነሣሁትም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 12

ጋሼ አሮጊቷን ሲፈታ ሲገጥም ከጎኑ የማይጠፋው ፊውዝ ነበር። ጠባይዋን እንደ እሱ የሚያውቅ የለም። እሱ በማየት ተማረ፤ እኔ በመስበር። ስለዚህ ኩራቴን ዋጥኩና ደወልኩ። ስልኩን ከቀየረ ወዲህ ያለን በሌላ ከተማ የሚሠራበት ማተሚያ ቤት ቁጥር ብቻ ነው።

አንዲት ሴት አነሣች። ከጀርባዋ ማሽን ያጓራል፤ ጮኼ ነው ያወራሁት። እሱ ነገ ነው ተራው፣ መልእክት ካለ ልንገርልዎት አለች። ቃል በቃል ይኸው፦

"አጎቱ ነኝ። አሮጊቷ ግፊቷ ወርዷል በይልኝ። ስትሞቅ ይብስባታል። ያያት ባለሙያ ውስጧ ሳያልቅ አይቀርም ብሏል። ቅዳሜ ሊወስዷት ይመጣሉ። የሚያውቀው ነገር ካለ ቶሎ ይንገረኝ።"

ከማሽኑ ራቅ አለች መሰል ጩኸቱ ቀነሰ። 

"አይዞዎት አባቴ" አለች፣ ልስልስ ባለ ድምፅ። "በእኛም ቤት ደርሷል ይሄ ነገር። ፈሳሽ አይለያቸው። ብቻቸውንም አይተዉአቸው።"

ምን ዓይነት ጨዋ ልጅ ናት! መኪና አንቱ የሚል ሰው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እርጅናን ማክበር ማለት እንዲህ ነው። እነሱም ያረጀ መኪና አላቸው ማለት ነው? ለማንኛውም ወጥቼ ራዲያተሩን አየሁ። ውሃው ሙሉ ነው።

ሐሙስ፣ መጋቢት 13

ከፊውዝ ድምፅ የለም። ፍርሃቱም ይብቃ… ሹፌሩ ጋ ሄጄ መለኪያውን ተዋስኩ።

ቤት ስገባ "እትዬ፣ ግፊት መለኪያ አመጣሁ" ብላት እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ዘረጋችልኝ። ይህ ዕድል የሚታለፍ ነው? ፊቴን እንደ ሐኪም አኮሳትሬ ቱቦውን ጠመጠምኩላት። ትንፋሽ ሳቢ አልኳት፣ ሳበች። ምላስሽን አውጪ አልኳት፣ አወጣች። ዘይቱን ቀይሪ ልላት ስል የናፍጣው ሽታ ደረሳት። በመጥረጊያ እስከ በሩ ተሸኘሁ። እሷም መጥረጊያውን ተደግፋ ስትስቅ ዓይኗ እንባ ሞላ። ከተሳሳቅን ቆይተን ነበር።

ከዚያ ዝናብ መጣ። ሥራው ለነገ አደረ።

ዓርብ፣ መጋቢት 14

ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ሴንሰሩን ፈታሁ። መለኪያውን በቦታው አሰርኩ። አንድ ሰው ነዳጅ መርገጫው ላይ ያስፈልገኛል። እትዬ በሾፌር ወንበር ተቀምጣ አታውቅም። እኔ? አለች። የድመቷ እግር አይደርስም አልኳት።

ገባች። መሪውን እንደ ትኩስ ድስት ነካ አድርጋ ለቀቀችው፣ ከዚያ ያዘችው። ፊት ለፊቷን እያየች ብዙ ቆየች።

"እሱ ሁልጊዜ ይሄንን ነበር የሚያየው?"

ከፊቷ ያለው የግቢያችን ግንብ ነው። የፈረሰው ጥግ፣ የተሰቀለው ልብስ። አዎ አልኳት። መቀለድ አሰኝቶኝ ነበር… ተውኩት።

አስነሣናት። በእጄ የያዝኩት መለኪያ ከፍ አለ። ቀዝቃዛ ሞተር ግን ሁልጊዜ ጀግና ነው፤ አይታመንም። ጠበቅን። ሞቀች። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው መርፌ እንደ ልማዱ ወደቀ። ወደ እጄ ማየት ፈራሁ። አየሁ… ነዳጅ ሳይረገጥ፣ በሚኒሞ፣ ዝቅ ብሎ ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል። እርገጪ አልኳት። ረገጠች፤ ወጣ። ልቀቂ አልኳት፤ ወረደና እዚያው ልኩ ላይ ቆመ። ደገምነው። እትዬም ነገሩ ጣማት መሰል ሳላዛት ትረግጥ ጀመር። ጎረቤት በግንቡ ላይ አንገቱን አወጣ።

ሞተሩ ጤነኛ ነው። የዋሸው መርፌው ነው።

ሴንሰሩ ላይ የሚሰካው ሽቦ ጫፉ አረንጓዴ ዝገት ለብሷል። ሲሞቅ አጥብቆ አይነካም፤ ከሞተሩ የተላከው በደንብ አይደርስም። እትዬ በባለ ቀይ እጀታው ካቻቢቴ ፈቀፈቀችው (አፈር መኮትኮት ለካ ልምምድ ነበር)፣ እኔ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት። ሴንሰሩን መልሰን ገጠምን፣ አስነሣን፣ አሞቅን። መርፌው ቆመ።

ልጨፍር ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። እትዬ ከወንበሩ ሳትነሣ ብረት ሰብሳቢው ነገ ጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት? አለች። ድናለች እኮ አልኳት።

"ስለታመመች መች አልኩህ?"

እውነቷን ነው። እኔ ያጸዳሁት የአንዱን ሽቦ ጫፍ ነው። የሌላው ሽቦ ጫፍ ማተሚያ ቤት፣ ፊውዝ ጋ ነው ያለው።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 15

ግቢው ባዶ ነው። አሮጊቷ የነበረችበት ቦታ ላይ ዝናብ ያልነካው ደረቅ መሬት ብቻ ቀርቷል። ድመቷ መሃሉ ላይ ተቀምጣ ጣሪያዋን የወሰደባትን ትፈልጋለች። ብረት ሰብሳቢው አርፍዶ መጣ። ባዶውን ቦታ አይቶ ሰው ቀደመኝ? አለ። ባለቤቶቹ ቀደሙህ አልኩት። ሳቀ፤ አልተቀየመም።

ከመጀመሪያው ልጻፈው። እነሱ ሲመለሱ በየፊናቸው ያበላሹብኛል።

ጠዋት እትዬ ለመጨረሻ ጊዜ እኔው ላሙቃት አለች። የሾፌር ወንበር ገብታ ቁልፉን ራሷ አዞረች። እኔ በመስኮቱ ጎንበስ ብዬ መርፌውን አያለሁ። ልኩ ላይ ነው። የግቢው በር ተንኳኳ። ብረት ሰብሳቢው መጣ አልኩ። መንገዱ እንዲረዝም ቀስ ብዬ ሄድኩ። ከፈትኩ።

ፊውዝ።

ሸሚዙ ተጨማድዷል። ዓይኑ ቀልቷል፤ ሌሊቱን አውቶቡስ ላይ ነው ያሳለፈው። ከስቷል፣ የአባቱ ግንባር ወጥቶበታል። በእጁ የተከፈተ አዲስ ካርቶን… ጨርቁና ቱቦው ወደ ውጭ ተንጠልጥሏል። የደም ግፊት መለኪያ።

"አጎቴ… እማዬስ?"

"እማዬ ምን?"

"እናትህ ግፊታቸው ወርዷል፣ ውስጣቸው አልቋል፣ ቅዳሜ ሊወስዷቸው ነው… ብላ ስልክ ያነሣችው ልጅ ነገረችኝ።"

አንቱታው ያኔ ገባኝ። መኪናን አንቱ የሚል ማን አለ፣ እኔ ጅል! ከእኔ አሮጊቷ ሆና የወጣችው፣ ማተሚያ ቤት ስትደርስ እናቱ ሆናለች። ሆን ብዬ ነው? አይደለም። ሆን ብዬ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አላሳምረውም ነበር። ሳቁ እስከ ጉሮሮዬ መጣ፤ ፊቱን ሳይ ተመለሰ።

ለምን አልደወልክም? አልኩት።

"ፈራሁ።" ካርቶኑን ደረቱ ላይ አጣበቀው። "ካልሰማሁ… እስክደርስ አለች ብዬ።"

ያልተለካ ነገር። አባቱን ብቻ የመሰለ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ወደ እኔም ስቧል። ክንዱን ይዤ ወደ ውስጥ አስገባሁት። ምን እንደምለው እያሰብኩ እትዬ ከመኪናዋ ውስጥ ተጣራች። ማነው? ብረት ሰብሳቢው ነው?

"አይደለም" አልኳት።  "ግፊት ሊለካ የመጣ ነው።"

አንገቷን በመስኮቱ አወጣች። እሱ እናቱን አያት… መሪ ይዛ፣ ጉንጯ ላይ የትናንቱ ዘይት። እሷ አየችው።  የሚናገረው ሞተሩ ብቻ ነው። እኔ ጣሪያው ላይ የሚያፈስበትን ቦታ መመርመር ጀመርኩ። ሌላ የማይበት ቦታ አጥቼ።

እትዬ ቀሚሷን ሰበሰበች። ከሾፌሩ ወንበር ወደ ጎን ተሻገረች፣ ወደ ዘወትር ቦታዋ። የለቀቀችውን ወንበር በመዳፏ ጠረግ ጠረግ አደረገችው።

"ምን ይገትርሃል?" አለችው፣ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ የቆየ ይመስል። "ግባ እንጂ። ሞቃለች።"