በዶትሴ ግቢ የጠጣሁት ውሃ

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

ጠዋት የጸሎት ቤቱን የጓሮ ግንብ ለሰንኩ። ከሰዓት ዝናብ። አሸዋው ራሰ... ነገ ይቀጥላል።

ጓደኛዬ ፎሊ መጣ። የመዘምራኑ ሽማግሌዎች ዓርብ ድንበር ተሻግረው ፓሊሜ ከተማ ሊያርፉ ነው፤ ሁለት ሌሊት። ተራራ፣ ፏፏቴ፣ ቀዝቃዛ አየር። «አንተም ትመጣለህ» አለኝ። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፤ ለማረፍ ብዬ ከከተማችን ከሆ ወጥቼ አላውቅም። እሺ አልኩ።

«ኤኞናምንም ታያታለህ» አለ፣ ቀስ ብሎ።

«የማየው ተራራ ነው።»

ልጄ ኤኞናም ፓሊሜ መኖሯን አውቃለሁ። ሰፈሯን ጠይቄ አላውቅም። የዛሬ ሰባት ዓመት ዶትሴ የሚባል እንጨት ጠራቢ በሞተር ብስክሌት መጥቶ ልጅህን ስጠኝ አለኝ። ብቻውን! አጎት የለ፣ ሽማግሌ የለ። ሚስቱን በገዛ አፉ የሚጠይቅ ሰው የት ታየ? አባረርኩት። እሷም ተከትላው ሄደች። እኔም በሁለት ምስክር ፊት ማልሁ፤ በዚያ ሰው ቤት ውሃ አልጠጣም። ውሃ የጠጣ እንግዳ በሰላም መጥቷል፣ ያልጠጣ ጠብ አለው። እኔ ጠብ አለኝ። አልቋል።

ኅዳር 5፣ ዓርብ

ተሻገርን። ድንበር ላይ «ለምን መጡ?» ሲሉኝ «ለማረፍ» አልኩ፤ በራሴ አፈርኩ። ቋንቋው ያው የእኛው ነው፤ ሲቆጡ ብቻ ፈረንሳይኛ ይቀላቅሉበታል። ብርዱ ጥሩ ነው። ብርድ ልብስ ሰጡን።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ሌሎቹ በመኪና ወደ ፏፏቴው ሄዱ። እኔ በእግሬ ብቻዬን ወጣሁ።

መጀመሪያ ጀርመኖች የሠሩትን ቤተ ክርስቲያን አየሁ። ማዕዘኑ ሥር ቆሜ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ወደ ላይ ለካሁ። ቀጥ ያለ ነው። ከግራም ሞከርኩ... ነቀፋ አጣሁበት። ገበያው ውስጥ አቮካዶ እንደ ድንጋይ ተቆልሏል። አንዲት ሴት ዘንድ ተቀቅሎ የተወቀጠ የቦዬ ፉፉ በፍየል ሾርባ በላሁ። እንዲህ ያለ ሾርባ በልቼ አላውቅም። አልነገርኳትም፤ ግን ደገምኩ።

የሞተር ታክሲ ነጂ አጠገቤ ቆመ። «ቶግቤ፣ አያታችን፣ ይውጡ ላድርስዎት፤ ተራራው ሩቅ ነው!»

«የት ይሄድብኛል?»

ሳቀ። «እሱስ አይሄድም። እርስዎ እንዳይሄዱብን ብዬ ነው።»

ባለጌ። ግን ደስ አለኝ።

ዳገቱን ወጣሁ። መንገድ ዳር ነጮች መረብ ይዘው ቢራቢሮ ያባርራሉ፣ ትልልቅ ሰዎች! ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አየኋቸው። አንድ ሰዓት ያህል። የሚጠብቀኝ ሲሚንቶ የለም፣ የሚጠራኝ ሰው የለም። ሥራ የሌለበት ቀን እንዲህ ሰፊ ነው እንዴ? ማንም አልነገረኝም ነበር።

ስወርድ በሌላ መንገድ ወረድኩ። አንድ ግቢ ጋ ስደርስ እግሬ ቆመ። ግንቡ ዘሟል።

«ማን ነው ይህን የሠራው?» አልኩ፣ ለራሴ።

በሩ ላይ ባቄላ የምትፈለፍል አሮጊት ነበረች። «ግንቡ ምን አደረገህ?»

«ቱንቢ አይቶ አያውቅም። መሠረቱም ጥልቅ አይደለም። ክረምት አይሻገርም።»

«አራት ተሻግሯል።»

«በዕድል ነው።»

ረዥም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ተነሥታ ወንበር አወጣችልኝ፤ ውሃ በቅል አመጣች። ጠምቶኝ ነበር። ጠጣሁ፤ የቀረችውን ጠብታ እንደ ደንቡ መሬት ላይ አፈሰስኩ። እሷም እንደ ደንቡ፣ «እኛ ደህና ነን። የመጣው እግር ያንተ ነው፤ ምን ይዞህ መጣ?» አለች።

«ሰላም ነው። ስንሸራሸር ነው።»

«እንግዲያስ በልጄ በዶትሴ ቤት እንኳን ደህና መጣህ፣ የኤኞናም አባት።»

ቅሉ እጄ ላይ ቀረ።

«አታለልሽኝ!»

«አፍህን በጉልበት ከፈትኩት?»

«ማን መሆኔን በምን አወቅሽ?»

«አባቴ ግንብ ሳይሰድብ አያልፍም ትላለች፣ ልጅህ። ደግሞ ቅንድባችሁ አንድ ነው።»

ስሟ ማንሳ ነው። በዕድሜ እኩዮች ነን፤ በምላስ ትበልጠኛለች።

«ልጅሽ ያለ ሽማግሌ መጣብኝ» አልኳት።

«ማንን ይላክ? አባቱ ሞቷል። አጎቶቹ መሬቱን ወስደው ሰላም አይሉትም። እኔ ያን ጊዜ ታምሜ ተኝቻለሁ። ፍየሏን ይላክ?»

«ለምን ይህን አልነገረኝም?»

«ጠየቅኸው?»

አልጠየቅሁትም። እዚህ ላይ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ጻፍኩት።

ተነሥቼ መሄድ እችል ነበር። ሳላውቅ ጠጣሁ ማለት እችል ነበር። ግን በሰፈራችን ስንት ጠብ ዳኝቻለሁ! ሳላውቅ ጠጣሁ ያለኝን ሁሉ «ጉሮሮህ ያውቃል» ብዬ መልሼዋለሁ። ለራሴ ስሆን ሌላ ሕግ ላውጣ? አላወጣም። ተቀመጥኩ።

ኤኞናም ከገበያ ተመለሰች፤ ሣጥን በአናቷ ተሸክማ። በሩ ላይ ቆመች። ቅሉን አየች፣ እኔን አየች።

«ጠጣ?» አለቻት ማንሳን።

«እስከ ጭላጩ።»

ጭነቷን አላወረደችም። እንደ ተሸከመች እንባዋ ወረደ። ተነሥቼ እኔ አወረድኩላት። ከባድ ነበር።

ዶትሴ ሲመጣ ከሩቅ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ።

«ግንቡን የሠራኸው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«እንጨትህን ጥረብ።»

ማንሳ ባቄላዋ እስኪበተን ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም፣ አልተቆጣምም። «ያስተምሩኝ» አለ። ይህን አልጠበቅሁም።

ኅዳር 7፣ እሑድ

ለፎሊ ነገርኩት። ሆዱን ይዞ ሳቀ። ይበቃዋል እስክል ጠበቅሁ፤ ከዚያ የዶትሴ አጎት አንተ ነህ አልኩት።

«እኔ? ያንተ ጓደኛ?»

«አጎት ከሌለው አጎት እንሰጠዋለን። እሱን ይዘህ በሥርዓቱ ትመጣለህ፣ በሬን በሥርዓቱ ታንኳኳለህ።»

«ብታባርረኝስ?»

«በሥርዓት የመጣ ሰው አባርሬ አላውቅም።»

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

ሆ፣ ቤቴ። ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ፎሊ፣ ማንሳ፣ ከኋላቸው ዶትሴ፤ ሁለት ጠርሙስ የጥሎሽ መጠጥ። ኤኞናም ከትናንት ጀምሮ እኔ ዘንድ ናት፤ ሙሽራ ከአባቷ ቤት ነው የምትጠየቀው።

ፎሊን በር ላይ አቆምኩት። «ማን ነህ?» አልኩት፣ አርባ ዓመት አብሬው የበላሁትን ሰው። ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ መንደሩን ተናገረ። ውሃ ሰጠናቸው። የመጣበትን ጠየቅነው።

«በዚህ ግቢ አንዲት አበባ አየን» አለ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ።

«ከነቀላችኋት ሰባት ዓመት አልሆናችሁም?» አለች እህቴ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም... ለጥቂት። ዶትሴ እንደሚገባው ዝም አለ፤ አንዲት ቃል ከአፉ አልወጣም። ደህና ሰው ነው።

ከዚያ ልጅቷን እኔ ጠየቅኋት። ይህን መጠጥ እንቀበል? አዎ አለች። ኤኞናም፣ እንቀበል? አዎ። ለሦስተኛ ጊዜ፣ እንቀበል? አዎ።

«ኤኞናም፣ እንቀበል?»

እህቴ በክርኗ ጎሰመችኝ። «ሦስት ነው እኮ!» አለችኝ በሹክሹክታ።

ሦስት መሆኑን አውቃለሁ። ያን ጊዜ፣ ሰውየውን ሳባርር፣ እሷን አንዴም አልጠየቅኋትም።

ኤኞናም ቀና ብላ አየችኝ። ገባት።

«አዎ፣ አባ» አለች።

ተቀበልን።