ለሐኪሙ ያልነገርሁት

ለምወድሽ እኅቴ ለርሆቦት፤

እንደምን ከርመሻል? የጅግጅጋ ነፋስና አቧራ ተስማማሽ ወይ? ባለቤትሽ ሣህሉስ ደኅና ነው? እግርሽስ አያብጥም? ይህን የመጨረሻውን ከሰላምታ አትቁጠሪው፤ መልሱን እፈልገዋለሁ።

እኛ ሁላችንም ደኅና ነን ብዬ እንዳልጀምር ውሸት ሰለቸኝ። በስልክ ያልነገርሁሽ እማዬ ከአጠገቤ ስለማትጠፋ ነው። ነፍሰ ጡር አታስደንግጪ ብላ ከልክላኛለች። የሣህሉ ባልደረባ ነገ ስለሚመለስ ይህን በእጁ ሰድጄልሻለሁ።

በኅዳር ግራ እግሬ አብጦ እንደ እሳት ጋለ። ሐኪሙ በደም ሥሬ ውስጥ ደም ረግቷል አለኝ። የደሜ ምርመራ ከሦስት ወር በኋላ ቢደገምም ያው ሆነ። ሰውነቴን ከበሽታ የሚጠብቀው ኃይል ተሳስቶ እኔኑ እየወጋ ደሜን ያረጋዋል አለ። ሦስቱ ፅንሶች የጨነገፉብኝም በዚሁ ሳይሆን አይቀርም። ሰፈሩ ግን ሾተላይ አለባት ሲለኝ ኖረ፤ እኔም አምኜ ሐኪም ሳላይ ስንት ዓመት አቃጠልሁ። አሁን ደም የሚያቀጥን ኪኒን እውጣለሁ። ጎመን የኪኒኑን ኃይል ስለሚለውጥ አንድ ቀን አብዝተሽ ሌላ ቀን አትተዪ፣ መጠኑ አይለዋወጥ ተብያለሁ። በዐቢይ ጾም ጎመን መመጠን በእኛ ቤት እንዴት እንደሚቀል መቼም አንቺ ታውቂዋለሽ!

በዘር ይመጣል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። እንደ መልክ ከእናት ወደ ልጅ የሚወርድ አይደለም፣ አልፎ አልፎ ግን በአንድ ቤት ሁለት ሰው ላይ ይታያል፣ በማን ላይ እንደሚወጣ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም አለኝ። ከዘመድ እንዲህ የሆነ አለ ወይ ሲል፣ አባባ ከሚያገለግሉበት የጣና ገዳም በጀልባ መጥተው አብረውኝ ነበሩና የዘር ሐረጋችንን እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩለት። አንድ ወንድ አልሳቱም። የገዛ እኅታቸውን፣ መራዊ ያለችውን አክስታችንን እናትዓለምን ግን ዘለሏት። አምስት ጊዜ ጨንግፎባት ባሏ ጥሏት እንደ ሄደ የተናገርሁት እኔ ነኝ። እሷንም ሾተላይ ነው ብለን ስለተውናት ደሟን ያየላት የለም።

ከዚያ እኅትሽስ አለኝ። ምንም የለባትም አልሁት። አምና በሦስተኛ ወርሽ የጨነገፈብሽን ለማንም እንዳልናገር በኪዳነ ምሕረት አስምለሽኛል፤ አባባም አጠገቤ ተቀምጠዋል። ከወጣሁ በኋላ ልመለስ ብዬ በሩ ላይ ቆምሁ፣ አልገባሁም።

አንድ ጊዜ መጨንገፍ በብዙ ሴት ላይ ይደርሳል፤ ምንም ላይሆን ይችላል። እኔ ምኑን ዐውቄ? አንቺ ግን የእኔንም የራስሽንም አንድ ሳታስቀሪ ለሐኪምሽ ንገሪ። እኔንም ከመሐላዬ ፍቺኝ። እዚህ ሆኜ ከመለመን በቀር ላደርግልሽ የምችለው ነገር የለም፤ ይህም ያንገበግበኛል።

አባባና እማዬ ይህን መጻፌን ባያውቁም ሁልጊዜ ስምሽን ያነሣሉ። ባለቤቴ ኪዳነ ወልድ እጅግ ናፍቆሻል። ሣህሉን ሳሚልኝ፤ የግቢሽን ሰዎችም ሰላም በዪልኝ። በሆድሽ ላለው ግን ሰላምታ መላክ ፈራሁ። የእኔዎቹን ሦስቱንም ገና በሆዴ ሳሉ በስም ጠርቻቸው ነበር።

እኅትሽ ፅጌ ማርያም
ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ
መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.