ለጎረቤት ያነበብኩት ደብዳቤ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017፣ ኢዲዶ

የጎልማሶችን የማታ የፊደል ትምህርት ከጨረስኩ ገና ሦስት ሳምንቴ ነው፤ በንባብ ግን ከክፍሉ የሚስተካከለኝ አልነበረም። ዛሬ ይኸው ጉራዬ ልጄን አስለቀሳት።

ምሕረት ሞባይል ከምትገጣጥምበት የአዲስ አበባ ፋብሪካ ድንገት መጣች። ፋብሪካው በደህናው ጊዜ ቀን ከሌት ይሠራ ነበር። እኔም በቀበሌያችን በኢዲዶ የሚጮኸው ስልክ ሁሉ የልጄ እጅ ሥራ ነው እያልኩ ስንቱን አሰልችቻለሁ። አምና "ድርጅቱ እንደ አዲስ ሊዋቀር ነው" ስትለኝ "አለቃ ልትሆን ነው" ብዬ አስወራሁ።

ጎረቤት እንኳን ደህና መጣሽ ሊላት ተሰበሰበ። ቦርሳዋ ውስጥ ማኅተም ያለበት ወረቀት አየሁ። የሹመቷ መሰለኝና ብድግ አደረግኩት።

"በል አስተማሪው፣ አሰማን" አለኝ ጎረቤቴ በየነ፣ እንደ ልማዱ በንባቤ እያሾፈ።

"አባዬ፣ ተወው" አለች ምሕረት።

"ምን ያሳፍርሻል? ይስሙልሽ እንጂ" አልኳት።

እኔ ሳነብ ፊደሉን በጣቴ እየተከተልኩ ስለሆነ ትርጉሙ ዘግይቶ ነው የሚደርሰኝ። "ድርጅቱ... ገበያ በማጣቱ... ሥራ ስላቆመ... ተሰናብተዋል።" ቀና ስል፣ ሁሌ የሚያሾፍብኝ በየነ መሬት መሬት ያያል። ያኔ ገባኝ።

ሰዉ ሲወጣ ይቅርታ ልላት ስል ቀልድ መጣብኝ፤ ዋጥኩት።

"አባዬ፣ ሳትደናቀፍ አነበብክ" አለችኝ፣ ዓይኗን እየጠረገች።

ተደናቅፌ ነበር። "ተሰናብተዋል" የሚለውን፣ አሳምሬ ልድገመው ብዬ ሁለቴ ነው ያነበብኩት።