በእግር የሚረገጠው መጭመቂያ

ጥቅምት 8
ዛሬም ጎማ። ከጠዋት እስከ ማታ ጎማ። አንዱ ታክሲ ነጂ ከጎማው የነቀልኩትን ሚስማር ሳሳየው፣ «አንተ ነህ መንገድ ላይ የምትበትነው» አለኝ። «እኔ ብበትን ኖሮ እንዲህ ያለ ኮሳሳ ሚስማር መርጬ ነው?» አልኩት። እየሳቀ ሄደ። ጎሚስታ እንደኔ ያለ የት ይገኛል!

ማታ ስገባ ባለቤቴ በክፍያ የምታጥበውን የእንግዳ ማረፊያ አንሶላ ትጨምቃለች። የቀኝ እጇን አንጓ በጨርቅ ጠቅልላዋለች። ምን ሆነሽ? ምንም። ይሄ «ምንም» ከመጣ ሰነባበተ...

ሳሙና የተጠቀለለበትን ጋዜጣ አነበብኩላት። የማታ ትምህርቱን ከጨረስኩ ወዲህ በዚህ ቤት ያልተነበበ ነገር የለም፤ የዘይት ጀሪካን ሳይቀር። ስለ አንድ የጠፋ ፈረስ ነበር። ግማሹ ላይ ዓይኔ ፈዘዘብኝና አጠፍኩት። «መጨረሻውስ?» አለች። እሷ ሁሌ መጨረሻውን ነው። «ፈረሱ ራሱ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ጌታዬ ጠፋብኝ ብሎ አመለከተ» አልኳት። አንጓዋን ይዛ ሳቀች። መጨረሻ ከጠፋ እኔ አለሁ።

ጥቅምት 10
ሱቅ ሄጄ ፋብሪካ የሠራውን የልብስ መጭመቂያ አየሁት። ጎማ የለበሱ ሁለት ዘንጎች፣ ልብሱ በመሀል ያልፋል። ከላይ ብሎን፣ ከጎን ማዞሪያ። ብሎኑን ለማጥበቅ የጎረምሳ ክንድ ይፈልጋል። ዋጋውን አልጽፈውም፤ ደብተሬ ይደነግጣል።

በእግር ቢረገጥስ? ፔዳል። እግር ሲረግጥ ዘንጎቹ ይጣበቃሉ፣ እጅ ማዞር ብቻ። ጎማውን እኔ፣ ብረቱን አማቼ። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም በያጅ ነው። ለሷም ይሆናል፣ ተርፎም ይሸጣል። እንዴት ያለ ጭንቅላት ነው የተሸከምኩት!

አማቼ ግን ራሱን ነቀነቀ። «ወረቀቱን ሳታይ ብረት አላነሳም» አለ። አንድ ጊዜ ገበያ ያየውን ታጣፊ ወንበር አስመስሎ ሠርቶ፣ ባለመብቱ ከነፖሊሱ መጥቶበታል። «ወንበሮቼን ሲጭኑ ቆሜ ነው ያየሁት። መቀመጫ እንኳን አላስቀሩልኝም።» ፓተንት የሚሉት ነው። ሰው አዲስ ነገር ሲፈጥር፣ ሌላው እንዳይሠራበት ያስመዘግባል። ወረቀቱ ደግሞ እዚያው ያስመዘገበበት መሥሪያ ቤት ይነበባል።

ታዲያ ማን ሄዶ ያንብበው? አማቼም ባለቤቴም ወደኔ ዞሩ። «ማንበብ? ስጡኝ እንጂ!» አልኩ። አፌ መቼ ነው የሚያርፈው...

ጥቅምት 14
ሱቄን ዘግቼ ፓተንት መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ረጅም ጠረጴዛ፣ ሲዞር የሚያቃስት ማራገቢያ፣ ሰው ሁሉ በሹክሹክታ። የመዝገብ ቤቷ ልጅ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ ሰክታለች። «ጋሼ፣ ምን ልርዳዎት?»
«መጭመቂያ የሚል ያለበትን ሁሉ አምጪልኝ። ዛሬውኑ ነው የምጨርሰው።»
«ካልገባዎት ይጠይቁኝ እሺ?»
«የኔ ልጅ፣ እኔ የምጠየቅ ሰው ነኝ።»

ተሸክማ መጣች። የሎሚ መጭመቂያ አለ። የዘይት አለ። የሸንኮራ አለ። ሰው ያልጨመቀው ነገር የለም ለካ! የልብሱን እስክለይ ግማሽ ቀን አለቀ። ሲዘጉ የደረስኩበት ቃል «ተንቀሳቃሽ» ይላል። እኔ ግን አልተንቀሳቀስኩም፤ አንድ ገጽ ላይ ነበርኩ።

ቤት ስገባ «እንዴት ነበር?» አሉኝ። «ገለባ ነው» አልኩ።

ጥቅምት 17
ዓይኔ። ወገቤ። ማንበብ የከባድ መኪና ጎማ ከመፍታት እንደሚብስ የነገረኝ አስተማሪ የለም።

ጥቅምት 21
የፋብሪካውን ወረቀት አገኘሁት። ስዕሉ ያው ሱቅ ያየሁት፣ ብሎኑ፣ ማዞሪያው። በጣቴ እየተከተልኩ ገባሁበት። ሦስተኛው ገጽ ላይ... «በእግር እየተረገጡ የሚሠሩ የልብስ መጭመቂያዎች የታወቁ ሲሆን...»

ጣቴ እዚያው ቀረ። ፔዳሉ! ቀድመውኛል። ደግሜ አነበብኩት፣ አልተለወጠም። ከዚያ ወዲያ ያለውን አገላበጥኩት። ብዙ ነው። መጨረሻው ላይ በቁጥር የተደረደረ አለ፤ ጫፍ የሌለው ዓረፍተ ነገር፣ አንዱ አንዱን ጎትቶ የሚሄድ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ምን ያደርግልኛል? ፔዳሉ እንደሆነ ተይዟል። ልጅቷ «ጨረሱ ጋሼ?» አለችኝ። «ከጨረስኩማ ቆየሁ!»

ማታ ነገርኳቸው። አማቼ፣ «እርግጠኛ ነህ?»
«ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ።»
ባለቤቴ ታዲያ እንደ ልማዷ፣ «መጨረሻው ምን ይላል?»
«ፔዳል የረገጠ እግሩን ይነሳ ይላል» አልኩ። አማቼ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ፔዳሉን ወዳው ነበር።

ጥቅምት 27
በእጅ የሚሳብ ሠራን። በአንድ እጅ ረጅም ዱላ ወደታች መጫን፣ በሌላው ማዞር። ዘንጎቹን በአሮጌ የውስጥ ጎማ አለበስኳቸው፣ ሥራዬ ቆንጆ ነው፣ ማንም አይክደኝም። አማቼ ግን ሲበይድ አላፏጨም። ሥራው ደስ ሲለው ያፏጫል።

ባለቤቴ ሞከረችው። «ይሻላል» አለች። ለማን ነው የሚሻለው? አልጠየቅኳትም።

ጥቅምት 30
ደክሞኛል። ጎማ፣ ቤት፣ ጎማ። ዱላው ሲሳብ የሚያሰማው ድምፅ ከበረንዳው ይሰማኛል። እሷ ድምፅ አታሰማም።

ኅዳር 4
እጇ አበጠ። ግራዋ ዱላውን መጫን ሲያቅተው በዚያው በታመመው ቀኟ ስትስበው ከርማለች። አልነገረችኝም። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሐኪሙ አንጓዋን ጠፍንጎ አሰረላትና፣ «ይሄ እጅ ከእንግዲህ ይጎተትበታል?» አለኝ። እኔን ነው ያለኝ። ሐኪሞችን በአንድ ሁለት ቀልድ ሳላስቅ ወጥቼ አላውቅም። ዛሬ አላገኘሁም።

የእንግዳ ማረፊያዋ ሴትዮ አንሶላውን ለሌላ አጣቢ ሰጥታለች። ፎጣው ቀርቷል። «እስኪሻልሽ ነው እህቴ» ብላታለች። እህቴ ስትላት ዛሬ የመጀመሪያዋ ነው። ፎጣውም ሊሄድ ነው።

ኅዳር 6
አማቼ መጥቶ መጭመቂያውን ሲያየው ቆየ። በጫማው ገፋ አደረገው። «ፔዳል ቢሆን ኖሮ...» ብሎ አልጨረሰውም። ሻዩን ግማሹን ትቶ ወጣ።

እሷ የታሰረውን እጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ «እኔ የምልህ... ያ ወረቀት መጨረሻው ላይ እውነት ምን ነበር የሚለው?»

ቀልዱ ከንፈሬ ድረስ መጣ። እዚያው ቀረ።
«እንቅልፌ መጣ» አልኳት። አልመጣም።

ኅዳር 7
ሱቁን አልከፈትኩም። ሄድኩ። ልጅቷ ገና ጠረጴዛዋን እየወለወለች ነው።
«የኔ ልጅ፣ ያንን ወረቀት ባለፈው አልጨረስኩትም።»
እንዲህ ብዬ አላውቅም። ምላሴ ላይ እንደ ጠጠር ነው የተሰማኝ። እሷ ግን ምንም አልመሰላትም። አምጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ሦስተኛውን ገጽ አሳየኋት።

«ውይ ጋሼ! እዚህ ላይ እኮ የሚያወራው ስለ ድሮው ነው። ከኔ በፊት እንዲህ እንዲህ ያለ ነበር፣ የኔ በዚህ ይለያል ለማለት። የሱ ሆኖ የሚጠበቅለት መጨረሻ ላይ በቁጥር የተዘረዘረው ነው።»
«ፔዳሉስ?»
«ላንብብልዎት?»
«ተይ። እኔ።»

ጠዋቱን ሙሉ ፈጀብኝ። ከዓረፍተ ነገሩ መሀል እየጠፋሁ፣ እየተመለስኩ። ብሎን። ጠፍጣፋ ስፕሪንግ። ሁለቱን ጫፎች እኩል የሚጫን። እንደገና ብሎን። እግር የለም። ፔዳል የለም። ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን ሁሉ አየሁ። ልጅቷ ሌላም መዝገብ ፈትሻ መጣች። በእግር የሚረገጠውን ያስመዘገቡ ጥንት ነበሩ፣ የመብት ጊዜያቸው ካለፈ ቆይቷል። «ብሎንና ስፕሪንጉን አትንኩ እንጂ፣ ፔዳሉን ማንም ቢሠራው ከልካይ የለውም» አለችኝ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። እጇ ነው የታየኝ። ጥቂት ገጽ ነበር እኮ የቀረኝ... ደክሞኛል ማለት ምን ነበረበት?

ኅዳር 8
ነገርኳቸው። ሳላሳምር።
አማቼ፣ «ከዳር እስከ ዳር አነበብኩ ያልከኝስ?»
«እስከ ሦስተኛው ገጽ።»
«አንተ ቤት ዳር የሚባለው ሦስተኛው ገጽ ነው?» ተቆጣ። ጮኸ። እንደ ወትሮዬ ስላልቀለድኩ ግራ ገባው መሰለኝ፣ ሜትሩን አውጥቶ የእህቱን ጉልበት ከመሬት ይለካ ጀመር። «ፔዳሉ በሷ ልክ ይሁን» አለ፣ እኔን ሳያየኝ።

እሷ እስኪሄድ ጠበቀች። «ሲደክምህ ደከመኝ አትልም?» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

ኅዳር 13
አማቼ ዛሬ ሲበይድ አፏጨ። ትንሽ። ሲያየኝ አቆመ።

ኅዳር 19
መጭመቂያው ቆመ። ፔዳሉ ሲረገጥ እንደ በር ያቃስታል፣ ዘይት ይፈልጋል። ግን ዘንጎቹ ይጣበቃሉ። እሷ በእግሯ እየረገጠች በግራዋ አዞረችው፤ ቀኟ ደረቷ ላይ ታስሮ። ውሃው ወረደ። ፎጣው በወዲያ በኩል ጠፍጣፋ ሆኖ ወጣ። አማቼ፣ «እንግዲህ ፖሊስ ይምጣ!» አለ። እኔ ነበርኩ እንዲህ ማለት የነበረብኝ፤ ቀደመኝ።

አንሶላው አልተመለሰም። ፎጣው ግን አልሄደም። እጇ ሌሊት ሌሊት ይጠዘጥዛታል፤ እንደ ድሮው ይሆን አይሆን ሐኪሙም አልነገረን።

ከራት በኋላ ሳሙና የተጠቀለለበትን ጋዜጣ በግራ እጇ ዘርግታ ፊቴ አደረገችው። አነበብኩላት። ወንዝ ሞልቶ ማዶ ስለቀረ አንድ ሙሽራ ነው። ግማሹ ላይ ፊደሉ ይዋኝብኝ ጀመር።

«መጨረሻውስ?»

ሙሽራውን በጎማ ላሻግረው አፌን በላኝ። የራሴ ጎማ፣ የራሴ ሥራ...
«አላውቅም» አልኳት። «ገና አልደረስኩም። ደከመኝ።»

መብራቱን ወደኔ አስጠጋችው። «ዓይንህን አሳርፍ» አለች። «መጨረሻው እስክትደርስ እኔ አልተኛም።»